ማገጥ ሲያብብ፦ መስከረምን ከከብቶቼ ጋር ለማለፍ የተማርኩት

ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለው ደጋችን መስከረም የጥጋብ ወር ነው። ክረምቱን በጭቃና በጭድ ያሳለፉ ከብቶች መስክ ይወርዳሉ፤ ላሞች ወተት ይጨምራሉ፤ እናቴ የመስቀልን ቅቤ ማጠራቀም ትጀምራለች። ስለዚህ ወር ክፉ ነገር የነገረኝ ሽማግሌም ባለሙያም አልነበረም። ቢነግሩኝ ኖሮ በሬዬን ዳልቻን አላጣውም ነበር።

ሌላው የበዓል ሥራ ብዙ አያስቸግርም። የፋሲካ ሙክት ዐቢይ ጾም እንደገባ፣ ገበያው ሲላላ ይገዛል፤ በጾሙ ሰሞን ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ይበላል፤ ፉርሽካው ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመርለታል፤ በሆሳዕና ሰሞን ገበያ ይወጣል። እኔን ያቃጠለኝ የገዛሁት መኖ ሳይሆን በነጻ የበቀለው ሣር ነው።

መስከረም 15 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ሐሙስ። ክረምቱን ከልክለን ያቆየነው የወንዝ ዳር መስክ ማገጥ የምንለውን ባለ ሦስት ቅጠል የመስክ ሣር ለብሶ፣ ወይን ጠጅ አበባውን አውጥቶ ነበር። ለነገው ደመራ እንጨት መቁረጥ ስለነበረብኝ ቸኮልኩ። ጤዛው ሳይረግፍ፣ ጭድ ሳላቀምስ፣ ሌሊቱን ባዶ ሆዳቸውን ያደሩትን በሬዎች ለቀቅኳቸው። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ የማንም አይደለም።

ብዙም ሳልቆይ ልጄ እየሮጠ መጣ፦ «አባዬ፣ ዳልቻን ነፋው!»

ስደርስ ግራ ጎኑ ከጀርባው በላይ ተነሥቷል፤ ሲመቱት እንደ ከበሮ ይጮኻል። ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ደወልኩ። ሠራተኛው ለበዓል አገሩ ገብቷል፣ በሬውን ወደዚህ አምጣው አሉኝ። የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ! መተንፈስ ያቃተውን በሬ ዳገት አስወጥቼ የት ላደርሰው ነው? ደግሞስ ለማን? አየሩን ለማስወጣት ሆድ የሚበሳበት መሣሪያ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ቁልፉ ያለው በሄደው ሰው ኪስ ውስጥ። ለመስቀል ሰው ሁሉ አገሩ ይገባል፤ በዚያ አልቀየምም። ነገር ግን ማገጥ ከብት የሚነፋው በዚሁ ሰሞን መሆኑን እያወቁ አንድ ተረኛ አለማስቀመጣቸውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት አመጣን። ጭንቅላቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርገን ይዘን በጠርሙስ ቶሎ ቶሎ አንቆረቆርንበት። ዘይቱ ወደ ሳንባው ገባ። ትን አለው፣ ሳለ፣ ተንበረከከ። ጎረቤታችን ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው «ልጄ፣ ቢላዋ አምጣ፤ ሳይሞት ይባረክ» አሉኝ።

ባረክነው። ጎረቤት ለእኔ ብሎ ቅርጫውን ተከፋፈለ፤ ገብሱ ሲሰበሰብ ሊከፍለኝ። ዓርብ ደመራውም ጾሙም ስለነበር ሥጋው ለቅዳሜ፣ ለመስቀል ቆየ። አባቴ ቁራሽ አልቀመሱም። «ያረሰልኝን አልበላም» አሉ። ጥማዱ ቦራ ሳምንት ሙሉ በረቱ በር ላይ እየቆመ ያገሳ ነበር። በቀጣዩ የእርሻ ወቅት በመቀናጆ አረስን፤ የእኔ ተራ የሚደርሰው መሬቱ ከደረቀ በኋላ ነበር።

በሥልጠና ላይ ማገጥ ፕሮቲን የሞላበት መኖ ነው ይሉናል። እውነት ነው። ርጥቡ ማገጥ በባዶ ሆድ ሲገባ አረፋ እንደሚሆን፣ አየሩ በአረፋው ተይዞ ከብቱ ማግሳት እንደሚያቅተው ግን አይነግሩንም። አሁን ከጳጉሜን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጭድ ሳያጠግብ ከብት የሚያወጣ ከቤቴ ሰው የለም። ፀሐይ ጤዛውን ሳታነሣው ማገጥ ያለበት መስክ አይረገጥም፤ ደመራም ቢሆን፣ ሠርግም ቢሆን።

ባለሙያ እስኪመጣ አትንኩ የሚለውን ምክር እኔ አልቀበለውም። ደውሉ፤ እስኪመጣ ግን ዘይት ስጡ። ዘይቱ አረፋውን ይሰብራል። ጭንቅላቱ ከጀርባው ከፍታ አይለፍ፤ በአፉ ጎን በኩል ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አፍስሱ፤ ካሳለ ወዲያው ልቀቁት። እንጨት እንደ ልጓም አፉ ላይ እሰሩለት፤ እያኘከ ምራቁን ሲውጥ ያገሳል። የፊት እግሮቹን ወደ ዳገት አቁሙት። በቢላዋ መብሳት ግን ሳይማሩ የሚደፍሩት አይደለም። እኔ ሥራ በሚላላበት ጊዜ ክሊኒክ ሄጄ አሳዩኝ ብዬ ለምኜ ነው የተማርኩት፤ እስካሁንም አላስፈለገኝም።

በ2016 ዓ.ም. የመስቀል ዋዜማ ላማችን ወለላ አጥር ጥሳ የሰው ማገጥ ገባች። ልጄ አሁን አድጓል፤ እኔን ሳይጠብቅ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጎ ይዞ፣ ዘይቱን ቀስ እያለ ሲያጠጣት ደረስኩ። ከጎኑ ተቀምጬ ግራ ሽንጧን በመዳፌ ያዝኩ። ሲመሽ ረጅም ግሳት አገሳች፤ ከመዳፌ ሥር ሆዷ ሲወርድ ተሰማኝ። በነጋታው እናቴ አለበቻት።