ከጋሪ ፈረስ ወደ ምርምር አይጥ

ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ስንማር እጃችን የሠለጠነው በከብት፣ በበግ፣ በዶሮና በጋሪ ፈረስ ነው። አይጥም እንደ ሌላው እንስሳ ሐኪም እንዳላት፣ ሐኪሙም የራሱ ስፔሻሊቲ እንዳለው የተረዳሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። ዛሬ ሥራዬ ለምርምር የሚያገለግሉ እንስሳትን ጤና መጠበቅ ነው፤ ሲሞቱም ሕብረ ሕዋሳቸውን በማይክሮስኮፕ አንብቤ የሞታቸውን ምክንያት እናገራለሁ። «እንዴት ገባህበት?» የሚሉኝ የሙያ ወንድሞችና እህቶች ስለበዙ መንገዱን ልጻፈው።

የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እውቅና ካልሰጠው ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰው የሥራ ፈቃድ ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ ኢሲኤፍቪጂ በሚባለው ሂደት ያልፋል። የዲግሪ ማስረጃ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የመሠረታዊና የክሊኒክ ሳይንስ የጽሑፍ ፈተና፣ በመጨረሻም እንስሳው ፊት ቆመው የሚሠሩት የተግባር ፈተና አለው። ረጅም ነው፤ ገንዘብም ይበላል። እስኪያልቅ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ስላልፈለግኩ በአንድ የምርምር ተቋም በእንስሳት ተንከባካቢነት ተቀጠርኩ። ሥራው ኬጅ መቀየር፣ መኖና ውኃ ማየት፣ የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት መመዝገብ ነበር። ይህን ሥራ ከዲግሪያቸው በታች የሚያዩት ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ለአዲስ መጪ ሐኪም ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው በር ይኸው ነው። የአሜሪካ የላቦራቶሪ እንስሳት ሳይንስ ማኅበር ለቴክኒሻኖች በሦስት ደረጃ የምስክር ወረቀት ስለሚሰጥ እየሠሩ ማደግ ይቻላል። ጤነኛ አይጥ በማለዳ ምን እንደምትመስል ያወቅኩት እዚያ ነው። ለሬዚደንሲ፣ ማለትም ለስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ ስወዳደር የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉልኝም እዚያ ሥራዬን ያዩ ሐኪሞች ናቸው።

ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የሠልጣኙ ደመወዝ ከየት ነው የሚከፈለው? በርካታ የሥልጠና ቦታዎች የሚደገፉት የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በሚሰጠው ቲ-32 በተባለ የሥልጠና ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ ለዜጎችና ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ላላቸው ብቻ ነው። ተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው በሌላ ገንዘብ የሚከፈልበትን ቦታ ካልፈለገ ድካሙ ከንቱ ይቀራል።

ሥልጠናው ራሱ ሁለት ፊት ነበረው። ጠዋት የታመሙትን እንጎበኛለን፤ ጥርሳቸው ያለልክ ያደገ፣ ተባዕቶቹ ተናክሰው የቆሰሉ፣ ከጥቁሮቹ የሲ-57 ብላክ-6 ዝርያ አይጦች መካከል ደግሞ ቆዳቸውን አክከው አክከው ያቆሰሉ። ከሰዓት የሞቱትን ከፍተን እንመረምራለን፣ ስላይድ፣ ማለትም በመስታወት ላይ የተዘረጋ ስስ የሕብረ ሕዋስ ቁራጭ፣ እናነባለን። ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ በሽታን ማወቅ አልነበረም፤ ጤናማው ምን እንደሚመስል ማወቅ ነበር። የአይጥ ጣፊያ በሕይወቷ ሙሉ ደም ያመርታል፤ በሰው መቅኔ ውስጥ የምናያቸው ግዙፍ ሕዋሳት በአይጧ ጣፊያ ውስጥ የተለመዱ ናቸው። ይህን ያላወቀ ሰው ስላይዱን አይቶ «የደም ካንሰር» ሊል ይችላል። በአይጥ ሳንባ ውስጥ ደም መላሽ ሥሮቹ የልብ ጡንቻ ለብሰው ይታያሉ። ትልቋ የላቦራቶሪ አይጥ፣ ራት የምትባለው፣ የሐሞት ከረጢት የላትም፤ ትንሿ ግን አላት። ለሰው ሐኪም እነዚህ ሁሉ ጉድለት ወይም በሽታ ሊመስሉ ይችላሉ።

ከዝርያ ዝርያም ልዩነት አለ። ሲ-3-ኤች እና ኤፍቪቢ የሚባሉት ዝርያዎች የዓይን መጋረጃቸውን የሚያጠፋ ጂን ስላላቸው ገና ጡት በሚጥሉበት ዕድሜ ማየት ይሳናቸዋል። አሁን አንድ ተመራማሪ ማስታወስን ለመለካት እንዲህ ያለችን አይጥ ውኃ ውስጥ ቢለቃት፣ በግድግዳው ላይ ያሉትን ምልክቶች አይታ መቆሚያውን እንድታገኝ ቢጠብቅ፣ የሚያገኘው ውጤት ስለ ማስታወስ አንዳች ነገር አይነግረውም። አይጧ የምታስታውሰው ነገር አጥታ አይደለም፤ አታይም። እንዲህ ያለውን ስህተት ሙከራው ሳይጀመር ማስቆም የኛ ሥራ ነው። ብዙ እንስሳት በከንቱ እንዳይሞቱ የሚያደርገውም ይህ ነው።

በሥልጠናው ወቅት ከተማርኳቸው ታሪኮች እስከ ዛሬ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ሜሪላንድ ፍሬድሪክ ውስጥ በሚገኘው የካንሰር ምርምር ማዕከል የሆነውን ነው። በረጅም ጊዜ የካንሰር ጥናት ላይ ምንም ኬሚካል ያልተሰጣቸው፣ ለማነጻጸሪያ ብቻ የተቀመጡ አይጦች ጉበታቸው እየተቆጣ ዕጢ አወጡ። ነገሩን «አጋጣሚ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ፓቶሎጂስቶቹ፣ ማለትም በሽታን ከሕብረ ሕዋስ የሚያነቡት ሐኪሞች፣ ግን ጉበቱን መርምረው ጠምዛዛ ባክቴሪያ አገኙ፤ በ1994 ሄሊኮባክተር ሄፓቲከስ ተብሎ ተሰየመ። አንድ ያልታወቀ ባክቴሪያ በእንስሳቱ ክፍል ውስጥ እየተዛመተ የጥናት ውጤት ሲያበላሽ የሚያየው ማነጻጸሪያውንም እንደ ታማሚው በጥንቃቄ የሚከፍት ሰው ነው።

እንስሳውን መንከባከብና እውነተኛ ውጤት ማግኘት አንድ ሥራ እንደሆኑ ያመንኩት በዚህ ዓይነት ጉዳይ ነው። ዊሊያም ራስልና ሬክስ በርች በ1959 ያስቀመጡት መርህ፣ ማለትም ከተቻለ እንስሳን በሌላ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ሥቃዩን ማቅለል፣ ዛሬም በእንስሳት የሚደረግ ምርምርን የሚገመግመው የየተቋሙ ኮሚቴ መለኪያ ነው። የአሜሪካ መመሪያ ለአይጥ ክፍል ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈቅዳል፤ አይጥ ራሷ ግን የምትመርጠው ወደ 30 የሚጠጋውን ነው። በቂ የጎጆ መሥሪያ ካልተሰጣት ከምትበላው ብዙው ሰውነቷን ለማሞቅ ይውላል። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 እንዳሳዩት ደግሞ በጅራት የሚያዙ አይጦች በቱቦ ወይም በእፍኝ ከሚያዙት ይልቅ ይፈራሉ፤ የፈራ እንስሳ የሚሰጠው ቁጥር ፍርሃቱን ይዞ ይመጣል። እጄን የቀየርኩት ያን ካነበብኩ በኋላ ነው፤ አሁን ሠልጣኞቼ በጅራት ሲያነሱ ዝም ብዬ አላይም።

ከባዱ ክፍል ግድያው ነው። ሙከራ ሲያበቃ፣ ወይም ሥቃዩ ከተፈቀደው ልክ ሲያልፍ፣ እንስሳው ያለ ሥቃይ እንዲሞት ይደረጋል። ይህን የሚያደርገው ሰው ብዙ ጊዜ ሲያበላው ሲያጠጣው የነበረው ተንከባካቢ ነው። ስለዚህ ኀዘን በግልጽ መነጋገር የሚቻልበት የሥራ ቦታ ምረጡ። ያዘነ ሠራተኛ ቶሎ ያያል፤ ከሐኪሙ ቀድሞ «ይቺ ዛሬ አልበላችም» የሚለው እሱ ነው።

የቢሾፍቱው ትምህርት ከንቱ መስሎ የታየኝ ጊዜ ነበር። ያ ስሜት የጠፋው ሂስቶፕላዝማ የሚባለው ፈንገስ ያለበት ስላይድ ፊት ስቀመጥ ነው። በጋሪ ፈረሶች ቆዳ ላይ ተርታ እያበጠ የሚፈነዳው ኤፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይቲስ ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ የሚያመጣው ፈንገስ ሰውንና ውሻን ከሚያሳምመው ሂስቶፕላዝማ ጋር አንድ ዝርያ ነው። በስላይዱ ላይ ማክሮፌጆቹ፣ ማለትም ጀርም የሚውጡት የሰውነት ሕዋሳት፣ በፈንገሱ ተሞልተው ሳይ አብረውኝ የሚሠለጥኑት ከመጽሐፍ ያወቁትን እኔ በእጄ ዳስሼው ነበር። በሳንባ ነቀርሳ የተያዘ የላም ሊምፍ ኖድ ቆርጦ ያየም ሰው ግራኑሎማ፣ ማለትም ሰውነት ጀርሙን ለመክበብ የሚሠራው የሕዋሳት እብጠት፣ ምን እንደሆነ የሚያስረዳው አያስፈልገውም።

ለፈተና መዘጋጀት ብዙ አላወራበትም። እዚህ ኮሌጅ የሚባለው ትምህርት ቤት ሳይሆን ስፔሻሊስትነትን የሚያጸድቅ የሙያ ማኅበር ነው። የፓቶሎጂ ኮሌጁ ፈተና በሁለት ምዕራፍ ይሰጣል፤ የላቦራቶሪ እንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ደግሞ ከሥልጠናው ሌላ በመጀመሪያ ጸሐፊነት የታተመ የምርምር ጽሑፍ ይጠይቃል። ጽሑፉን በመጀመሪያው ዓመት ጀምሩት።

ቢሾፍቱ፣ ጎንደር፣ መቀሌ ወይም ሌላ ቦታ ያላችሁ ተማሪዎች ቪዛ ሳትጠብቁ መጀመር ትችላላችሁ። ሬሳ በከፈታችሁ ቁጥር ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ። ከአንድ ሴንቲሜትር ያልበለጠ ቀጭን ቁራጭ በ10 በመቶ ፎርማሊን አኑሩ፤ ፎርማሊኑ ከሥጋው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። የአሜሪካው ጆይንት ፓቶሎጂ ሴንተር የረቡዕ የስላይድ ውይይቱን በኢንተርኔት በነፃ ያወጣል። መልሱን ከመክፈታችሁ በፊት የምታዩትን በራሳችሁ ቃል ጻፉ፦ የትኛው አካል፣ የት ቦታው፣ ምን ያህል፣ ምን ቀለም። የበሽታውን ስም መጨረሻ ላይ አድርጉት።