ከአንድ ካዝና የሚበሉ ጋዜጣና ክለብ

ስለ ሰርቢያ እግር ኳስ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የቤልግሬዶቹን ሬድ ስታርንና ፓርቲዛንን ነው። እኔን ይበልጥ የሚስቡኝ ግን ከዋና ከተማዋ ራቅ ያሉት ከተሞች ናቸው።

በደቡብ የምትገኘው የኒሽ ከተማ ክለብ ራድኒችኪ እ.ኤ.አ. በ1923 ተመሥርቶ፣ በ1982 ለዩኤፋ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በቅቷል፤ የጀርመኑን ክለብ ሃምቡርግን በሜዳው 2 ለ 1 ቢረታም በመልሱ ጨዋታ 5 ለ 1 ተሸንፎ ወጣ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ክለብ በእኔ ዘመን ይፍረስ የሚል ከንቲባ አይገኝም። አብዛኞቹ የአገሪቱ ክለቦች በሕግ የዜጎች ማኅበራት እንጂ ባለቤት ያላቸው ኩባንያዎች ስላልሆኑ፣ ትንንሾቹ በከተማው በጀት ድጎማ ይተዳደራሉ፤ ለገዢው ፓርቲ ቅርብ የሆኑ ሰዎችም በቦርዱ ውስጥ መቀመጣቸው ብርቅ አይደለም። ታዲያ ይህ ገንዘብ የት እንደገባ የሚጠይቅ ማን ነው?

መጠየቅ የነበረበት የከተማው ጋዜጣ ነው። በ2014 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ሕግ መንግሥት ከጋዜጦችና ከጣቢያዎች ባለቤትነት እንዲወጣ አዞ፣ በምትኩ ከተሞች ለዜና ሥራ ፕሮጀክቶች በውድድር ገንዘብ እንዲሰጡ ደነገገ። በወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ አሸናፊውን የሚመርጠውን ኮሚሽን የሚሰይመው ያው የከተማው አስተዳደር በመሆኑ፣ ስለ ክለቡ ሒሳብ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ጥያቄውን የሚያነሣው በእንጀራ ሰጪው ላይ ነው።

ከኒሽ በስተደቡብ ባለችው ቭራንዬ፣ ከ1994 ጀምሮ ይታተም የነበረው ሳምንታዊው ቭራንስኬ በመስከረም 2017 ተዘጋ። መሥራቹ ቩካሺን ኦብራዶቪች ከተደጋጋሚ የግብር ምርመራና ከገንዘብ ጫና በኋላ ጋዜጣውን መዝጋቱን አስታውቆ የረሃብ አድማ መታ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም በጤናው ምክንያት አቆመ። የአንድ አነስተኛ ከተማ ጋዜጣ አዘጋጅ እዚህ ድረስ መሄዱ ራሱ ብዙ ይናገራል።

በኒሽ በ2010 የተጀመረው ዩዥኔ ቬስቲ የተባለው የኢንተርኔት ጋዜጣ ግን እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የከተማውን ምክር ቤት ሲከታተል ቆይቷል። ኒሽ ባለሥልጣናትን ለመሞገት እንግዳ አይደለችም፤ በኅዳር 1996 የተቃዋሚዎች የአካባቢ ምርጫ ድል በተሰረዘ ጊዜ ሕዝቡ አስቀድሞ አደባባይ የወጣው በዚያ ነበር፤ የወቅቱ የሰርቢያ ፕሬዝዳንት ሚሎሼቪችም በየካቲት 1997 በልዩ ሕግ ውጤቱን ለመቀበል ተገደደ።

በኅዳር 2024 በሰሜን ሰርቢያ የምትገኘው የኖቪ ሳድ ከተማ ባቡር ጣቢያ ጣሪያ ተደርምሶ 16 ሰዎች ሲሞቱ፣ ለተቃውሞ የወጡት ተማሪዎች ካነሷቸው ጥያቄዎች የመጀመሪያው የጣቢያው እድሳት ሰነዶች በሙሉ ይፋ ይውጡ የሚል ነበር። እኔ እንደማየው፣ ይህ ጣሪያው ከመውደቁ ከዓመታት በፊት የከተማው ጋዜጣ በየሳምንቱ ማንሣት የነበረበት ጥያቄ ነው።