ምስር ክክ የምታክል ነጥብ

ፍኖተ ሰላም ላይ ጫጩት በማስፈለፍልበት ሰሞን ነው። ሚያዝያ ነበር። ከገበያ የለቀምሁትን 120 እንቁላል፣ ማሽኑ እስኪለቀቅ ድረስ ስምንት ቀን ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አቆየሁት። ክፍሉ ቀን ቀን ምጣድ ነው፤ ሌሊት ይበርዳል። «ገና ያልታቀፈ እንቁላል ምን ይሆናል?» ባይ ነበርሁ።

ማሽን በገባ በሰባተኛው ቀን ማታ መብራት አጥፍቼ፣ በተበሳ ካርቶን ላይ እያስደገፍሁ በስልኬ ባትሪ አንድ በአንድ አየሁት። እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጋ የደም ሥር መታየት ነበረበት። ከግማሽ የሚበልጠው ግን ቀጭን የደም ቀለበት ብቻ ነው፤ ተጀምሮ የሞተ።

ጠዋት ሻጯን እናት ገበያ ላይ አገኘኋቸው። «እማማ፣ አውራ የሌላት ዶሮ እንቁላል ሸጡልኝ!» አልኋቸው፤ ሰው ዞሮ እስኪያየኝ።

«የት አስቀምጠኸው ነበር?»

ነገርኋቸው።

«ልጄ፣ እኔ እስካስታቅፍ ድረስ ጤፍ ውስጥ ነው የምቀብረው። ሙቀት ነክቶት ነው እንጂ አውራስ ነበራት።»

እውነታቸውን ነው። አውራ ባይኖር ደሙ ከየት ይመጣል? ማስረጃውን በእጄ ይዤ ነው የጮህሁባቸው።

እንቁላል ሲጣል ሽሉ አንድ ቀን ያህል ኖሯል። አስኳሉ ላይ ያለችው ምስር ክክ የምታክል ነጣ ያለች ነጥብ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ህዋሳት ናት። ቅዝቃዜ ካገኘች ታንቀላፋለች፤ ማሽኑ የሚሰጣት 37.5 ዲግሪ ግድም ሲደርሳት ትነሣለች። ከ20 ዲግሪ በላይ፣ ከማሽኑ ሙቀት በታች በሆነ ሙቀት ግን መተኛትም ማደግም አያምርላትም፤ እየነቃች እያሸለበች ትደክማለች።

የሚያሳፍረው ይህን መማሬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1981 ከአይጥ ሽል፣ በ1998 ደግሞ አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄምስ ቶምሰን አምስት ቀን ገደማ ከሆነው የሰው ሽል ግንደ ህዋስ (ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ መለወጥ የሚችል ህዋስ) ማሳደጋቸውን ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ገና ልብም ነርቭም መሆን የሚችሉ ህዋሳት እኔው ቆርቆሮ ሥር እየተቀቀሉ መሆናቸው ግን ትዝ አላለኝም።

ይቅርታ ጠይቄ ሌላ 60 ገዛሁ። ዋጋ አልቀነሱልኝም። እንዲያውም አንድ ቁና ጤፍ ጨምረው ሸጡልኝ።