መንገዱን ጨርቅ ያደረጉልን ሰዎች

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለምስጋና ቀን በሰላም አደረሳችሁ። አሜሪካ የምንኖር ሰዎች ይህን ሰላምታ ስንለዋወጥ «አደረሳችሁ» የሚለው ቃል ከሌሎች በዓላት ሁሉ ይልቅ ለዚህኛው የሚስማማ ይመስለኛል፤ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ የሚውለው ይህ በዓል ግማሹ ማዕድ ከሆነ ግማሹ መንገድ ነውና። ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ሳለች የምስጋናውን ቀን ሲያውጁ፣ ሰው ወደ ዘመዱ የሚሄደው በባቡርና በጋሪ ነበር። ኮንግረስ በ1941 ቀኑን በሕግ ሲያጸና ግን መንገዱን የያዘው መኪና ነበር። ተጓዥ ስንሸኝ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» እንላለን፤ ዘንድሮ ላመሰግናቸው የምፈልገው በእነዚህ ዓመታት መካከልና ከዚያም ወዲህ መንገዱን በእጃቸው ጨርቅ ያደረጉልንን፣ ስማቸውን ግን እምብዛም የማናነሳቸውን ሰዎች ነው።

የመጀመሪያዋ ሜሪ አንደርሰን ናት። ይህች የአላባማ ሴት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአንድ የክረምት ቀን ኒውዮርክ ውስጥ ትራም ተሳፍራ ሳለ ነጂውን ትመለከታለች። በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ የፊት መስታወቱን ስለጋረደበት፣ ሰውዬው መንገዱን ለማየት መስታወቱን ከፍቶ ፊቱን ለውርጩ ሰጥቶ ይነዳ ነበር። ሌላው ተሳፋሪ ኮቱን ሰብስቦ የሚያልፈውን ነገር እርሷ ይዛው ሄደች፤ ነጂው ከተቀመጠበት ሳይነሣ በእጁ የሚያንቀሳቅሰው፣ ላስቲክ የተገጠመለት ክንድ መስታወቱን ጠርጎ በሞላ (በስፕሪንግ) ኃይል ተመልሶ የሚያርፍበትን መሣሪያ ነድፋ ኖቬምበር 10 ቀን 1903 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘችበት። ለአንድ የካናዳ ድርጅት ብታቀርበው ለመሸጥ የሚያበቃ ዋጋ የለውም ተብሎ ተመለሰላት። የመብቱ ዘመን በ1920 አበቃ፤ የዝናብ መጥረጊያ በየመኪናው ላይ መደበኛ ዕቃ የሆነው ከዚያ በኋላ ስለነበር አንዲት ሳንቲም አላገኘችበትም። ይህ ነገር ባሰብኩት ቁጥር ያሳዝነኛል።

ጋሬት ሞርጋንም የኖቬምበር ሰው ነው። በባርነት ከኖሩ ወላጆች በኬንታኪ ተወልዶ ክሊቭላንድ ከተማ የኖረው ይህ ጥቁር አሜሪካዊ፣ በ1916 ከኤሪ ሐይቅ ሥር በሚቆፈር ዋሻ ውስጥ ፍንዳታ በደረሰ ጊዜ ራሱ የሠራውን የመተንፈሻ ጭምብል አጥልቆ ሰዎችን ለማውጣት የገባ ሰው ነው። መኪና፣ ፈረስ ጋሪና እግረኛ በአንድ ጎዳና ላይ ሲጋፉ ያይ ስለነበር፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1923 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የትራፊክ ምልክት ከ«ሂድ» እና ከ«ቁም» ሌላ ሦስተኛ ነገር ጨመረበት፤ ይኸውም አንዱ አቅጣጫ ከመለቀቁ በፊት በሁሉም አቅጣጫ ያለው ተሽከርካሪ የሚቆምበት ቅጽበት ነው። የትራፊክ መብራት ክሊቭላንድ ውስጥ ከ1914 ጀምሮ ነበረ፤ ሞርጋን ያሰበው ግን መስቀለኛው መንገድ መሃል ላይ ሳለ ምልክቱ ለተለወጠበት ሰውና ለሚሻገረው እግረኛ ነው። ዛሬ በመብራት ላይ ሁሉም ወገን ለጥቂት ሰከንድ ቀይ ሆኖ ስንቆም የምናቃስትበት ፋታ ከዚያ አሳብ ጋር ዝምድና አለው።

ሦስተኛዋ ሐኪም ናት። ዶክተር ጁን ማካሮል በ1917 መጸው ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢንዲዮ አጠገብ ስትነዳ ከፊቷ የመጣ የጭነት መኪና ከመንገዱ አስወጥቶ አሸዋ ውስጥ ከተታት። ከዚያም በመንገዱ መሃል መስመር ቢሰመር ሁሉም በየፊናው ይሄዳል ብላ ባለሥልጣናቱን ብትጠይቅ የሰማት ስላልነበረ፣ ራሷ ነጭ ቀለም ይዛ ወጥታ አሰመረች። ሚሺጋን ውስጥ ከእርሷ ቀደም ብሎ የተሰመረ መስመር እንደነበረ ይታወቃል፤ ካሊፎርኒያ ግን በ1924 የመሃል መስመርን የተቀበለችው እርሷ ለዓመታት ከወተወተች በኋላ ነው። በጭጋግ ውስጥ ያንን መስመር ብቻ እያየ ቤቱ የገባ ሰው ምን ያህል ባለውለታዋ እንደሆነ ያውቃል።

ስዊድናዊው ኒልስ ቦህሊን በ1959 ለቮልቮ የሠራውን፣ ትከሻንና ዳሌን አንድ ላይ የሚይዘውን ቀበቶ ሌሎች አምራቾችም እንዲጠቀሙበት ድርጅቱ በነጻ ፈቅዷል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2005 በመንገድ አደጋ ለሞቱና ለተጎዱ መታሰቢያ እንዲሆን የመረጠው የኖቬምበር ሦስተኛ እሑድም ከምስጋናው ሐሙስ ቀደም ብሎ ይውላል። በዚህ በዓል ማዕዳቸው ላይ አንድ ወንበር ባዶ የሚሆንባቸውን ቤተሰቦች በዚህ አጋጣሚ አስባቸዋለሁ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

እናንተም ረቡዕ ከሥራ ወጥታችሁ የምትነሡ ወዳጆቼ፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ወዲህ ቶሎ ይመሻል፤ ኖቬምበር ደግሞ አጋዘን ለመራባት የሚራወጥበት ወር በመሆኑ በጫካ ዳር መንገድ አንዱ ተሻግሮ ካያችሁ ሌላው ሊከተለው ይችላልና ፍጥነታችሁን ቀንሱ። ከኋላ የተቀመጡትም ቀበቷቸውን ይሰሩ፤ የደከመው ቆሞ ይተኛ፤ የጠጣ መሪ አይያዝ። ምግቡ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል። መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ፤ እንደደረሳችሁም ደውሉልኝ።