ያለ መርፌ፣ ያለ ክር

ዛሬ ጅማ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። እኔም ከአያቴ ጋር ቤት ዋልኩ። ክረምት ሲገባ ጉልበቷን ብርድ ይይዛታል። ለዚህ ብዬ ብርድ ልብስ ልሠራላት ትናንት ከመርካቶ ፍሊስ የሚባለውን ለስላሳና ሞቃት ጨርቅ ገዛሁ። ቡናማ አንድ ሜትር ተኩል፣ ክሬም አንድ ሜትር ተኩል።

ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ አነባበርኩና ከየማዕዘኑ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቆርጬ አወጣሁ። ከዚያ ዙሪያውን በ2.5 ሴንቲ ስፋት፣ በ10 ሴንቲ ርዝመት ሰነጠቅኩት። ፍሊስ እንደ ሹራብ የተጠላለፈ ስለሆነ ሲቆረጥ ክሩ አይተረተርም። ጠርዙን መዘምዘም አያስፈልግም። የላዩን ዘርፍ ከታቹ ጋር ሁለቴ መቋጠር ብቻ ነው።

ብቻ ነው አልኩ እንጂ ቋጠሮው ከ200 በላይ ነው! መጀመሪያ አጥብቄ ሳስረው ጠርዙ ተጨማደደ። አያቴ ዝም ብላ ስታየኝ ቆየችና «አምጪው እስቲ» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የጋቢና የነጠላ ጫፍ ስትቋጭ የኖረች ናት። ዘርፉን በአውራ ጣቷ ለስለስ አድርጋ ትይዛለች፣ ታዞራለች፣ ሳብ፣ አለቀ። ጨርቁ ዝርግ እንዳለ ይቀራል። እኔ አንድ ስቋጥር እሷ ሦስት። እነዚያን ጣቶች ሳይ ደስታም እንባም ተናነቀኝ።

አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አያቴ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ተኝታለች፤ አንዷን ቋጠሮ በጣቶቿ እንደያዘች።