ሐረር፣ ራስ ተፈሪ ቤት

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚሄደው ሚኒባስ የሚነሣው ሲሞላ ስለሆነ በጠዋት መናኸሪያ መድረስ ያዋጣል። የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ቶሎ ወጣነው፤ ያዘገየን የአወዳይ ጫት ገበያ ነው። ሐረር ፈረስ መጋላ አደባባይ ስወርድ ባለ ባጃጁ በእግር ለሚደረስበት ራስ ተፈሪ ቤት፣ ለዛሬው ሙዚየም፣ 300 ብር ጠየቀኝ። አትክፈሉ። በቅጥር የተከበበችው የአሮጌዋ ከተማ የጀጎል መተላለፊያዎች ጠባብ ስለሆኑ ባጃጁም ቢሆን ደጁ ድረስ አይገባም።

በመኪና ግርግር በኩል በእግር ወረድኩ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። አንድ ሽማግሌ ሰፊ «ሙዚየም ካልሽ ሌላ ቦታ ይወስዱሻል ልጄ፤ ራስ ተፈሪ ቤት በይ» አሉኝና ሥራቸውን ትተው በሩ ድረስ አደረሱኝ።

ብዙ ሰው ራስ ተፈሪ፣ ማለትም በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ የተወለዱት እዚህ ይመስለዋል። የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ኤጀርሳ ጎሮ ነው፤ እሱን ለማየት ሌላ ቀን መያዝ ይሻላል። ይህ ቤት ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ተፈሪ ከወይዘሮ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን እንዳሳለፉበት ይነገራል። ሳትገቡ ቀና በሉ፦ ከበሩ በላይ የዝሆን ራስ ያለው የሂንዱዎች አምላክ ጋኔሽ ተቀርጿል። ጎንደር ላደገ ሰው የመኳንንት ቤት ማለት ድንጋይና ኖራ ነው። እዚህ ዓይን የሚይዘው የእንጨቱ ጥርብ ነው፤ እኔም ከግንቡ ይልቅ ይህን ወደድኩት።

ውስጡ አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በግላቸው የሰበሰቡት ቅርስ ነው። ሰይፉ፣ ጌጡ፣ ሐረር በአሚሮቿ ዘመን ያሳተመችው ሳንቲም ሁሉ አለ፤ ጊዜ መስጠት ያለባችሁ ግን ለእጅ ጽሑፎቹ ነው። የቆዳውን ሽፋን ከጎን እዩት፦ ከኋላኛው ሽፋን የሚታጠፍ ክዳን አለው፤ የገጾቹን ጠርዝ ከአቧራና ከመታሸት ይጠብቃል። ክዳኑ የተቀደደበት መጽሐፍ መጀመሪያ የሚጎዳው በዚያ ጠርዝ ነው። ወረቀቱን እርጥበትና ምስጥ ይበላዋል፤ ኃይለኛ ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ፎቶ ቢፈቀድላችሁም የካሜራውን ብልጭታ አጥፉ።

በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራው ራምቦ ቤትም ቅርብ ነው። ግን ገጣሚው የሞተው ኅዳር 1884 ሲሆን ቤቱ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ ሶላት በፊት ጨርሱ። ለመመለስም ከ10 ሰዓት አትለፉ፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ደንገጎ ላይ ይጨልምባችኋል።