ምን ተስለህ ነው?

የጥቅምት ሐሙስ ማታ ከሌላው ቀን ሁሉ ይከብደኛል። ዝናቡ አቁሞ፣ አየሩ ጠርቶ፣ ከቢሮአችን የላይኛው ፎቅ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው የዝቋላ ተራራ ከሜዳው መካከል ብቻውን ተነሥቶ ሲታይ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ የሌላ ሰው ይመስለኛል። ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ከከተማ ወጥቼ፣ ድንኳኔን ተሸክሜ ጥቂት ሰዓት ተጉዤ፣ አንድ ሌሊት ዛፍ ሥር አድሬ፣ እሑድ ማታ ቤቴ የምገባበት ቦታ የት ይገኛል የሚለው ሐሳብ ይነሣብኛል። ባለ ቪትዙ ወዳጄ ይህን ነገር «ዛርህ» ይለዋል። ዛሬም ተነሥቶብኝ አመሸ።

ድሮ በእኛ መካከል ጥያቄው «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚል ብቻ ነበር። ዛሬ አስቀድሞ የሚጠየቀው «መንገዱ እንዴት ነው?» ሲሆን፣ ባለ ቪትዙ ቪትዙን ሸጦ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛ ወዲህ (ስሙ ግን አልተለወጠለትም) «ባትሪው ይመልሰናል ወይ?» የሚል ተጨምሮበታል። በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲጣራ ከአዲስ አበባ ዙሪያ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ሰሜኑን አስቀድሜ ሰረዝሁት፤ ስሰርዘውም ከሁሉ ይበልጥ አንገበገበኝ። ከደብረ ብርሃን ባሻገር ያለው የወፍ ዋሻ ደን በዚያ ነው፤ የመንዝ ጓሳም በዚያ ነው። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ጭላዳው በመንጋ ተቀምጦ ሣር እየነጨ ሲበላ፣ ዕድል ለቀናውም ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታደባ የሚታይበት፣ ባላገሩ ራሱ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሣሩን በየጊዜው እየከለለ ለዘመናት ያቆየው ቦታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን ጦርነት ባለበት አገር፣ መንገድ እየተዘጋባቸው ሐኪም ቤት መድረስ በሚቸግራቸው ሰዎች ደጃፍ፣ «ለሽርሽር መጣሁ» ብሎ ድንኳን መትከል ከአደጋውም በላይ ነውሩ ይሰማኛል።

ወንጪ በወሊሶም ሆነ በአምቦ በኩል ይገባል። ከአፋፉ ላይ በእንሰቱ መካከል ወደ ሐይቁ መውረዱን፣ በጀልባም ወደ ቂርቆስ ገዳም መሻገሩን እወደዋለሁ። ዳሩ ግን አዲሱ ማረፊያ ከተሠራ ወዲህ ድንኳን አዝሎ የሚመጣ ሰው መንገደኛ መምሰሉ ቀርቶ የክፍል ኪራይ ያጠረው መስሎ መታየት ጀምሯል፤ ለዚህ ደግሞ ኩራቴ ገና አልተዘጋጀም።

የቀረው መናገሻ ሱባ ነው። ለከተማው ከሁሉ ይቀርባል፤ በሆለታ መንገድም ሆነ በሰበታ በኩል ይደረሳል፤ ለባትሪውም አያሠጋም። ከታች ጽዱና ዝግባው፣ ከፍ ሲባል ኮሶው፣ ከዚያም አስታው እየተቀበለ፣ 3,385 ሜትር ወደሚደርሰው የወጨጫ ጫፍ ያወጣል። ጠዋት ጉሬዛዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲወረወሩ ጤዛው ድንኳን ላይ ሲረግፍ መስማት ለብቻው የጉዞውን ድካም ያስረሳል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽዱን ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ይህ እውነት ከሆነ፣ ወፍ ዋሻ መሄድ የተከለከለ ሰው ቢያንስ ልጆቹን ሱባ ላይ መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። በዚህ ሐሳብ ተጽናንቼ «ሱባ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ቀና ስል ግን እንደገና ዝቋላን አየሁት።

ዝቋላን ከዝርዝሬ ያወጣሁት በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር በተራራው ላይ ያለው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ (የአቡዬ) ገዳም መነኮሳት በተገደሉ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት በነበረ በአንድ ጥቅምት፣ ለበዓሉ ከሚወጣው ምእመን ጋር ተቀላቅለን ዳገቱን ስንወጣ፣ አንዲት አሮጊት ከኋላችን መጥተው ደረሱብን። ባዶ ቢጫ ጀሪካን በነጠላቸው ጀርባቸው ላይ አስረዋል፤ በእጃቸው በትርና ቆሎ የያዘች ትንሽ ፌስታል አለች፤ ሌላ ምንም የለም። ቆም ብለው ቦርሳዬን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ድንኳኑን፣ ፍራሹን፣ ምድጃውን፣ በየጎኑ የተንጠለጠለውን ሁሉ።

«ልጄ፣ ምን ተስለህ ነው ይህን ሁሉ የተሸከምከው?»

«ኧረ ምንም አልተሳልሁም እማማ፤ ለመዝናናት ነው።»

«በሸክም?» አሉና ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ቀጥለውም በእውነተኛ ርኅራኄ «አቡዬ ይታረቁህ» ብለውኝ አልፈውኝ ሄዱ።

ባለ ቪትዙ ከተራራው አናት እስካለው ሐይቅ ድረስ ሣቀብኝ። እኔ ግን እስከ ዛሬ የማስበው ሴትዮዋ ፈጽሞ አለመሳሳታቸውን ነው። በአገራችን ሳይቸግረው ሸክም ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ወይ ስለት አለበት፣ ወይ ንስሐ ገብቷል፣ ወይም ድንጋይ በጫንቃው አድርጎ ይቅርታ ሊለምን ወደ በደለው ሰው እየሄደ ነው። የእንጦጦ እናቶች ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱም ምክንያታቸው ከሸክማቸው ቀድሞ ይታያል። የእኔ ምክንያት የቱ ነው? «አእምሮዬን ላሳርፍ» እንዳልል፣ አእምሮዬ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስበው ስለ ጅብ ነው። «ተፈጥሮን ላደንቅ» እንዳልል፣ ዳገቱ ላይ የማየው የፊተኛውን ሰው ተረከዝ ብቻ ነው። ቢሆንም ሐሙስ በመጣ ቁጥር ይነሣብኛል፤ ምናልባት አንድ ያልታረቅሁት ሰው ይኖር ይሆን እያልሁ ስማቸውን ስቆጥር ሁለት ሰዓት አለፈ፤ ዝርዝሩ ከተራሮቹ ዝርዝር ረዘመ።

በመጨረሻ እንደ ወጉ ስለት ልሳል ብዬ ቆረጥሁ። መንገዱ ሰላም ሆኖ እንደገና ዝቋላ ለመውጣት ካበቁኝ ለአቡዬ ጃንጥላ አገባለሁ። ይህን ከተሳልሁ በኋላ፣ ከበሶው ላስቲክ ላይ ሳይቀር ግራም የምቀንሰው እኔ፣ ባለ ዘርፍ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ስንት ኪሎ እንደሚመዝንና ከቦርሳው በየትኛው ጎን ሊታሰር እንደሚችል ሳሰላ እኩለ ሌሊት ሆነ። ለቅዳሜ የት እንደምንሄድ ግን ባለ ቪትዙ እየደወለ ነው፤ ምን ልበለው?